ኖየ ሃይማት፦ ገዥውም ሻጩም አንድ ሰው የሆኑበት ኩባንያ

በፍራንክፈርት ሰሜን ምዕራብ የምትገኘው ኖርድቬስትሽታት በአንድ ፕላን የተወለደች መንደር ናት። ቫልተር ሽቫገንሻይትና ታሲሎ ዚትማን የተባሉ አርክቴክቶች ነድፈዋት፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለ25,000 ያህል ነዋሪ ተገነባች። የገበያ ማዕከሏ ኖርድቬስትሴንትሩም ኦክቶበር 4 ቀን 1968 ተከፈተ፤ የፍራንክፈርት የመጀመሪያ የምድር ውስጥ ባቡርም በዚያው ዕለት ከመሀል ከተማው ከሃውፕትቫኸ ተነሥቶ እዚህ ደረሰ። መኖሪያ ቤቶቹን ከገነቡት መካከል ኖየ ሃይማት የተባለው የቤቶች ኩባንያ ቡድን ይገኝበታል።

ዛሬ ይህ የኩባንያ ቡድን የለም። በሄሰን ክልል የነበረው ቅርንጫፉ ጌቬሃ ተብሎ አሁንም ያከራያል፤ ባለቤቱም ሄላባ የተባለው ባንክ ነው። የእናት ኩባንያው ታሪክ ግን የሕዝብ አደራ በውልና በግዥ በኩል እንዴት እንደሚበላ በግልጽ ስለሚያሳይ፣ እዚህ ጀርመን የሚኖርም ሆነ አገር ቤት ያለ አንባቢ ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

ኖየ ሃይማት የሠራተኛው ልጅ ነበር። ሥሩ በ1926 ሃምቡርግ ውስጥ ለሠራተኞች አነስተኛ ቤት ለመሥራት ከተመሠረተ ድርጅት ይመዘዛል፤ ከጦርነቱ በኋላ ባለቤቶቹ የጀርመን የሠራተኛ ማኅበራት ነበሩ። ከተሞች በቦምብ ፈርሰው ሚሊዮኖች መጠለያ ባጡበት ዘመን፣ በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ ከ400,000 በላይ ቤቶችን ገነባ። ሕጉም አገዘው፦ ለሕዝብ ጥቅም የቆመ የቤቶች ድርጅት ተብሎ ከድርጅት ግብር ነፃ ሆነ፤ በምትኩ ለባለቤቶቹ የሚከፍለው የትርፍ ድርሻ ከ4 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ። በተቆጣጣሪ ቦርዱ የሚቀመጡትም የማኅበራቱ መሪዎች ነበሩ። ሠራተኛው የራሱ ሰዎች የሚመሩትን፣ ለራሱ ቤት የሚሠራለትን ኩባንያ የሚጠራጠርበት ምክንያት አልነበረውም።

ስሙ እየገነነ ሲሄድ ቤት ብቻ መሥራት አልበቃውም። ኖየ ሃይማት ሽቴድተባው የተባለው እህት ኩባንያ ከመንግሥታትና ከከተሞች ትልልቅ ሥራዎችን ይረከብ ጀመር፤ ሆስፒታሎችንና የጉባኤ አዳራሾችን ገነባ። ከሁሉም የሚታወቀው የአኸን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ግንባታው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተጀምሮ በ1985 ሲመረቅ፣ ወጪው ከመጀመሪያው ግምት ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። አኸን የምትገኝበት ክልል ምክር ቤትም ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋመ።

ኩባንያውን የጣለው ግን ከዚህ ይልቅ የረቀቀ ነገር ነው። ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1982 ደር ሽፒገል መጽሔት የዋና ሥራ አስኪያጁን የአልበርት ቪየቶርንና የባልደረቦቹን ገመና አወጣ። ሰዎቹ በሌሎች ስም በተመዘገቡ ኩባንያዎች ውስጥ የተደበቀ ድርሻ ነበራቸው፤ እነዚያ ኩባንያዎች ደግሞ ከኖየ ሃይማት ጋር ይነግዱ ነበር። አንዱ ቴሌተርም የሚባል የማሞቂያ አቅራቢ ነው።

የአሠራሩን ክፋት ልብ እንበል። ኖየ ሃይማትን ወክሎ ውል የሚፈርመው ሰው ከጠረጴዛው ማዶም ጥቅም አለው። ዋጋ ሲወደድ የሚከራከርበት ምክንያት የለውም፤ እንዲያውም በተወደደ ቁጥር ይጠቀማል። የማሞቂያ ሒሳብ ደግሞ ከተከራዩ የሚሰበሰብ ስለሆነ በኩባንያው መዝገብ ላይ ጉድለት ሆኖ አይታይም። ኦዲተር ቢመጣ ሕጋዊ ውል፣ ሕጋዊ ደረሰኝና ሕጋዊ ፊርማ ያገኛል። የጎደለው የባለቤቶቹ እውነተኛ ስም ብቻ ነው። ካዝና ሰብሮ የሚሰርቅ ሌባ ዱካ ይተዋል፤ በውል የሚሰርቅ ግን ዱካውን ራሱ ማኅተም አድርጎበት በክብር ያስቀምጣል።

ቪየቶር በዚያው ወር ተባረረ። ኩባንያው ግን አላገገመም፤ ዕዳው ወደ 17 ቢሊዮን ማርክ ደረሰ። በ1986 ማኅበራቱ ሆርስት ሺሰር ለተባለ የበርሊን ዳቦ አምራች በ1 ማርክ ሸጡት፤ አበዳሪ ባንኮች ባለመስማማታቸው ማኅበራቱ በወራት ውስጥ መልሰው ተረከቡት። ከዚያ በኋላ በየክልሉ ተከፋፍሎ ተሸጠ። ለሕዝብ ጥቅም ለቆሙ የቤቶች ድርጅቶች የግብር ነፃነት የሰጠው ሕግም ከ1990 መጀመሪያ አንሥቶ ተሻረ። የጥቂት ሰዎች ስግብግብነት በቅንነት የሚሠሩትን ድርጅቶች ስም ጭምር አጎደፈ፤ አቅሙ ላነሰ ተከራይ ለትውልዶች የቆመ ከለላም አብሮ ፈረሰ። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሲያነብ ሜቴክን ማስታወሱ አይቀርም። የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን በ2002 ዓ.ም. አገር በራሷ እጅ እንድታመርት በሚል ታላቅ ተስፋ ተቋቋመ። የስኳር ፋብሪካዎች፣ የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ፣ የሕዳሴው ግድብ የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ ተሰጠው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የግድቡ ሥራ እንደተነጠቀ ተነገረ፤ በኅዳር 2011 ዓ.ም. ደግሞ የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብርሃኑ ፀጋዬ ኮርፖሬሽኑ በስድስት ዓመት ገደማ 37 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የውጭ አገር ግዥ ያለ ዓለም አቀፍ ጨረታ መፈጸሙን ገለጹ። ሁለቱ ተቋማት በባለቤትነትም በሥራም ይለያያሉ። የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ነው፦ የቆሙለት ዓላማ ክቡር ስለነበር፣ ጥያቄ ማንሣት ዓላማውን መቃወም ይመስል ነበር።

ጀርመን ከኖየ ሃይማትና ከሌሎች ቅሌቶች በኋላ በሮቹን አንድ በአንድ መዝጋት ያዘች። ተጫራቾች ተመሳጥረው ዋጋ መቁረጣቸው እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ከ1999 ወዲህ በትልልቅ የመንግሥት ግዥዎች የተሸነፈ ተጫራች ልዩ የአቤቱታ ጉባኤ ፊት መቅረብ ይችላል፤ ለሄሰን ይህ ጉባኤ ያለው ዳርምሽታት ነው። ዛሬ ገዥው መሥሪያ ቤት ለተሸናፊዎች ምክንያቱን ሳያሳውቅና ቢያንስ 10 ቀን ሳይጠብቅ ውል መፈረም አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የኩባንያዎችን እውነተኛ ባለቤቶች የሚይዝ መዝገብ ተቋቋመ። ይህ የመጨረሻው የቪየቶር ዓይነቱን መደበቂያ በቀጥታ የሚነካ ነው።

ኢትዮጵያም አዲስ የግዥ አዋጅ አላት፤ ቁጥሩ 1333/2016 ነው። የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓትም ተዘርግቷል። ጥሩ ጅምር ነው። ነገር ግን ጨረታው በኮምፒውተር ሆነ በፖስታ፣ ከአሸናፊው ድርጅት ጀርባ ያለው ሰው ካልታወቀ የኖየ ሃይማት በሽታ አልተነካም። ስለዚህ እያንዳንዱ ትልቅ የመንግሥት ውል ሲፈረም ዋጋውና የሻጩ እውነተኛ ባለቤቶች ስም አብረው ለሕዝብ ይውጡ። ግብር ከፋዩ ይህን መጠየቁ የማንንም ቅንነት መጠራጠር አይደለም፤ ቅን ሠራተኛ ከሌባው የሚለይበትን ማስረጃ መስጠት ነው።