ጀግናው ለምን ይማረካል? በፊልም፣ በኮሚክስና በአኒሜሽን የታሰረ ጀግና ታሪክ

ፊልሙ ከተጋመሰ ቆይቷል። ተመልካቹ በልማድ «አክተሩ» ብሎ የሚጠራው ዋናው ገፀ ባሕርይ እጁን የኋሊት ታስሮ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ባላንጣው ከፊቱ እየተንጎራደደ ይስቃል፤ ያቀደውን ክፋት አንድ በአንድ ይዘረዝራል። መሣሪያው በእጁ ነው፤ ግን አይተኩስም። «አክተር አይሞትም» የሚለውን አባባል ሲሰማ ያደገ ተመልካች እንኳ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል።

ይህ ትዕይንት በፊልም፣ በአኒሜሽንና በተከታታይ ሥዕሎች በሚተረኩት ኮሚክስ ውስጥ በብዛት ከተደጋገሙት አንዱ ነው። ደራስያን የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ጀግናን ማሰር ማለት የሚታወቅበትን ነገር ሁሉ ከእጁ መውሰድ ማለት ነው። ጉልበቱ፣ መሣሪያውና ወዳጆቹ ከራቁ በኋላ ምን እንደሚቀረው የሚታየው በዚያች ሰዓት ነው። መፈታቱን ተመልካቹ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የታሪኩን ትርጉም የሚወስነው ማን እንደሚፈታውና በምን እንደሚፈታ ነው።

ከሶምሶን ጀምሮ

የሰው ልጅ ስለ ታሰሩ ጀግኖች መተረክ የጀመረው ፊልም ከመፈጠሩ ብዙ ዘመን አስቀድሞ ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት የሚገኘው የሶምሶን ታሪክ ዋና ምሳሌ ይሆናል። ሶምሶን የኃይሉን ምሥጢር ለደሊላ ከገለጠ በኋላ ጠጉሩ ተላጨ፣ ዓይኖቹ ወጡ፣ በናስ ሰንሰለት ታስሮ በጋዛ ወኅኒ ቤት እህል ፈጪ ሆነ። አንበሳ የገደለው ክንድ ወፍጮ ገፋ። ጠላቶቹ ሊዘባበቱበት በመካከላቸው ባቆሙት ቀን ግን ጠጉሩ ማደግ ጀምሮ ነበር፤ ምሰሶዎቹን ገፍቶ ቤቱን በእነርሱም በራሱም ላይ አፈረሰው። የሆሊውዱ አዘጋጅ ሲሲል ቢ. ደሚል ይህን ታሪክ እ.አ.አ. በ1949 ፊልም አድርጎታል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ በኋላ ዘመን ደራስያን ዘንድ የተለመዱት ነገሮች ሁሉ አሉ፦ የተሰወረ ድክመት፣ የቅርብ ሰው ክህደት፣ በአደባባይ መዋረድ፣ ጠላት ሳያስተውለው ቀስ ብሎ የሚመለስ ኃይል። እ.አ.አ. በ1938 በኮሚክስ የተዋወቀው ሱፐርማን ከሶምሶን የሚበልጥ ጉልበት ነበረው። ጥይት የማይበሳው፣ ግንብ የማያግደው ጀግና ደግሞ ለተራኪ ያስቸግራል፤ የማይሸነፍ ሰው ምን ዓይነት ሥጋት ይገጥመዋል? እ.አ.አ. በ1943 የሱፐርማን የሬዲዮ ድራማ አዘጋጆች መላ ዘየዱ። «ክሪፕቶናይት» የተባለ፣ ከትውልድ ዓለሙ የመጣና አጠገቡ ሲደርስ ጉልበቱን የሚያፈስስ ማዕድን ፈጠሩ። በኋላም ወደ ኮሚክሱ ገባ። ጀግናው ሊማረክ የሚችል ሲሆን ታሪኩም ሕይወት አገኘ።

ሁለተኛው ጥንታዊ ምንጭ የግሪክ አፈ ታሪክ ነው። አንድሮሜዳ የምትባል የንጉሥ ልጅ ለባሕር አውሬ እንድትሰጥ በቋጥኝ ላይ በሰንሰለት ትታሰራለች፤ ፐርሲዎስ መጥቶ አውሬውን ገድሎ ያገባታል። ግሪኮች አባቷን «የኢትዮጵያ ንጉሥ» ይሉታል፤ በዚያ ዘመን ይህን ስም ከግብፅ በስተደቡብ ላሉ ሰፊ አገሮች ይሰጡት ነበር። ሶምሶን በመጨረሻው ሰዓት በገዛ እጁ ይሠራል፤ አንድሮሜዳ ግን ትጠብቃለች እንጂ ምንም አታደርግም። የተማረከች ሴት የአዳኟ ሽልማት የምትሆንበት ልማድ ከዚህ ዓይነት ታሪክ ወርዶ ለብዙ ዘመን በፊልም ላይ ነግሷል።

ለሚቀጥለው ሳምንት ማቆየት

ምርኮ የገበያ ጥቅምም ነበረው። ድምፅ አልባ ፊልም በነበረበት ዘመን ተከታታይ ፊልሞች በክፍል በክፍል ለሲኒማ ቤቶች ይቀርቡ ነበር። እ.አ.አ. በ1914 በአሜሪካ የወጣውና በ20 ክፍሎች የቀረበው «የፖሊን መከራዎች» ከሁሉ ይልቅ ስሙ የገነነ ነው። በተዋናይት ፐርል ዋይት የተሠራችው ፖሊን ውርሷን ሊቀማ በተነሣ ሰው ወጥመድ ውስጥ በየክፍሉ ትወድቃለች። በዚህ መንገድ የተስፋፉት ተከታታይ ፊልሞች ቆይተው አንድ ብልሃት አበጁ፤ ጀግናው ከሞት አፋፍ ላይ ሲደርስ ክፍሉን ያቆሙታል። ተመልካቹም መጨረሻውን ለማወቅ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ትኬት ይቆርጣል።

ይህ ብልሃት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሠርቷል። እ.አ.አ. በ1980 በወጣው የ«ስታር ዋርስ» ክፍል ሃን ሶሎ የተባለው ጀግና ተማርኮ እንደ ድንጋይ በደረቀ ነገር ውስጥ ይታሸጋል፤ ፊልሙም ሳይፈታው ያልቃል። ተመልካቹ ዕጣውን ለማወቅ እስከ 1983 መጠበቅ ነበረበት።

ባላንጣው ለምን ያወራል?

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። ጨካኙ ጠላት ጀግናውን ይዞ ሳለ ለምን አይገድለውም? መልሱ ግማሹ የተራኪው ችግር ነው፤ ጀግናው ከሞተ ታሪኩ ያበቃል። ሌላው ግማሽ የትዕቢት ጠባይ ነው። ክፉ ሰው ድሉን የሚያደንቅለት ይፈልጋል፤ ከታሰረ ሰው የተሻለ አድማጭም አያገኝም።

እ.አ.አ. በ1964 በወጣው «ጎልድፊንገር» ፊልም የእንግሊዙ ሰላይ ጄምስ ቦንድ በጠረጴዛ ላይ ታስሮ ብረት የሚቆርጥ የሌዘር ጨረር ወደ ሰውነቱ ይጠጋል። ፊልሙ በተቀዳበት የኢያን ፍሌሚንግ ልብ ወለድ ውስጥ የነበረው ክብ መጋዝ ነው፤ ፊልም ሠሪዎቹ በዘመኑ አዲስ በነበረው ሌዘር ተኩት። ቦንድ ገመዱን አይበጥስም። ስለ ባላንጣው ምሥጢራዊ ዕቅድ በጨረፍታ የሰማውን ስም ይጠራል፤ እርሱ ቢሞት ምሥጢሩን የሚያውቅ ሌላ ሰው እንደሚተካው ያስመስላል። ጎልድፊንገርም በሕይወት ቢቆይ ይሻላል ብሎ ጨረሩን ያጠፋል። የፈታው ጉልበት ሳይሆን ምላስ ነው።

ልማዱ ከመብዛቱ የተነሣ ሠሪዎቹ ራሳቸው ቀልደውበታል። እ.አ.አ. በ2004 በወጣው «ዘ ኢንክሬዲብልስ» የተባለ አኒሜሽን ባላንጣው ጀግናውን ይዞ ንግግር ከጀመረ በኋላ ለፍላፊነቱ እንዳታለለው ራሱ ይነቃል። በዚሁ ፊልም ተማራኪው ብርቱ አባት ሲሆን ልትታደገው የምትደርሰው ሚስቱ ናት፤ ልጆቹም ይከተሏታል። የአንድሮሜዳ ታሪክ ተገልብጧል።

አንድ ጀግና ወይስ ብዙ እጅ?

የሕንድ ፊልሞች በኢትዮጵያ ከተሞች ለረጅም ጊዜ ብዙ ተመልካች ነበራቸው። በሕንድ ሲኒማ ስመ ጥር የሆነው የ1975ቱ «ሾሌ» ሁለት ዓይነት ምርኮ ያሳያል። ሽፍታው ጋባር ሲንግ ቪሩን አስሮ፣ የቪሩ ወዳጅ ባሳንቲ መጨፈሯን ካቆመች እንደሚገድለው ይዝታል። እርሷም በጠራራ ፀሐይ፣ በተሰባበረ ጠርሙስ ላይ ትጨፍራለች፤ እስኪደርስላቸው ድረስ ጊዜ የምትገዛው በእግሯ ደም ነው። ሁለተኛው ምርኮ የታኩር ነው። ይህ የቀድሞ ፖሊስ በጋባር እጅ በወደቀ ጊዜ ሁለቱንም ክንዶቹን አጥቷል፤ ሁልጊዜ የሚደርበው ልብስም ይህንኑ ይሸፍናል። ለቪሩ ምርኮ የአንድ ቀን ፈተና ነው፤ ለታኩር ግን ከወጣም በኋላ አብሮት የሚኖር ቁስል ነው።

ለልጆች በተሠሩት አኒሜሽኖች ደግሞ ብቸኛው ጀግና ብዙ ጊዜ ቦታውን ለኅብረት ይለቅቃል። እ.አ.አ. በ2000 የወጣው «ቺክን ረን» በእንግሊዝ ገጠር በሽቦ አጥር በታጠረ የእንቁላል እርባታ ውስጥ ያሉ ዶሮዎችን ይተርካል። መጣል ያቆመች ዶሮ ትታረዳለች። ጂንጀር የምትባለው ዶሮ ደጋግማ ታመልጣለች፤ ደጋግማም ተይዛ ለብቻዋ ትታሰራለች። ብቻዋን መውጣት ብትችልም ሌሎቹን ትታ መሄድን አትፈቅድም። ከውጭ የመጣው አውራ ዶሮ መብረር እንደሚያስተምራቸው ተስፋ ያደርጋሉ፤ እርሱ ግን በሰርከስ መድፍ የሚወነጨፍ እንጂ የሚበር አልነበረም። በመጨረሻ ከእንጨትና ከቁራጭ ዕቃ አውሮፕላን ሠርተው፣ ሁሉም ፔዳል እየረገጡ አጥሩን ይሻገራሉ።

የ2003ቱ «ፋይንዲንግ ኒሞ» ትንሹ ዓሣ በጠላቂ ተይዞ በሲድኒ ከተማ በአንድ የጥርስ ሐኪም የመስታወት ገንዳ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ካመለጠ በኋላ ወዳጁ ዶሪ ከብዙ ዓሦች ጋር በአጥማጆች መረብ ትያዛለች። ኒሞ ወደ መረቡ ገብቶ ሁሉም በአንድነት ወደ ታች እንዲዋኙ ይነግራቸዋል፤ መረቡም ይበጠሳል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት እዚህ ሌላ ገጽታውን ያሳያል፦ ያበሩ ትንንሾች የታሰሩበትን ድር ይበጥሳሉ።

የማትጠብቀው ምርኮኛ

እ.አ.አ. በ1941 የሥነ ልቡና ባለሙያው ዊልያም ሞልተን ማርስተን «ዎንደር ዉመን»ን ሲፈጥር የሴቶችን ብርታት ማሳየት ፈልጎ ነበር። በኮሚክሱ ሕግ ወንድ የእጅ አምባሮቿን በሰንሰለት ካያያዘ ኃይሏን ታጣለች። በየጊዜው ትታሰራለች፤ በየጊዜውም ሰንሰለቱን ትበጥሳለች። ማርስተን ሰንሰለቱን የሴቶች ጭቆና ምልክት አድርጎ ቢያየውም፣ የእስራት ሥዕሉ በዝቷል የሚል ነቀፌታ በዘመኑም ደርሶበታል። ነቀፌታው ዛሬም ይሠራል። ደራሲ ምርኮን ሲያሳይ የተማራኪውን ጽናት እያሳየ ነው ወይስ በመከራው እያዝናና?

በ1983ቱ «ስታር ዋርስ» ልዕልት ሌያ ሃን ሶሎን ልትፈታ ገብታ ራሷ ትማረካለች። ጃባ የተባለው ወንበዴ በሰንሰለት አስሮ ከዙፋኑ አጠገብ ያስቀምጣታል፤ በመጨረሻም በዚያው ሰንሰለት አንቃ ትገድለዋለች።

ከፊልሙ ወዲህ

ፊልሞች የማምለጥን ደስታ ለማጉላት የምርኮን እውነት የሚያቀልሉበት ጊዜ አለ። የ1963ቱ «ዘ ግሬት ኢስኬፕ» በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን የምርኮኞች ካምፕ ስለ ተደረገ ማምለጥ ይተርካል። ተመልካቹ የሚያስታውሰው ተዋናይ ስቲቭ ማክዊን በሞተር ብስክሌት የሚያደርገውን ሩጫ ነው፤ ይህ ግን የፊልም ፈጠራ ነው። በእውነቱ ታሪክ፣ በመጋቢት ወር 1944 እ.አ.አ.፣ 76 ምርኮኞች በቆፈሩት ዋሻ ወጡ፤ 73ቱ ተመልሰው ተያዙ፤ ከእነዚህም 50ዎቹ ተረሸኑ። ነጻ የወጡት ሦስት ብቻ ናቸው።

በጎንደር ተወልዶ በአሜሪካ የሚሠራው ኃይሌ ገሪማ እ.አ.አ. በ1993 ባወጣው «ሳንኮፋ» ፊልሙ ሌላ መንገድ ይከተላል። ሞና የምትባል ዘመናዊ ሞዴል በጋና የባሕር ዳርቻ ባለ የባሪያ ንግድ ምሽግ ውስጥ ሳለች ወደ ኋላ ዘመን ተወስዳ ሾላ የተባለች ባሪያ ሆና ትኖራለች። እዚህ ምርኮው በታሪኩ መካከል የሚገባ አጭር ፈተና አይደለም፤ ሙሉ ሕይወት ነው። የሚያስጥል ብቸኛ ጀግናም አይመጣም። ባሮቹ ራሳቸው ይማከራሉ፣ ያምፃሉ።

ለኢትዮጵያውያን ተመልካቾች ይበልጥ የሚቀርበው በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የተዘጋጀውና እ.አ.አ. በ2014 በሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾች ሽልማት ያገኘው «ድፍረት» ነው። በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተው ይህ ፊልም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስለ ተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ስለ ሂሩት ይተርካል። ታስራ ከተደፈረች በኋላ ጠመንጃ ይዛ ታመልጣለች፤ ሲደርሱባትም ጠላፊዋን ትገድላለች። በተለመደው ፊልም ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። በ«ድፍረት» ግን ዋናው ትግል የሚጀምረው ካመለጠች በኋላ ነው። ከጠላፊዋ እጅ የወጣችው ልጅ በነፍስ ግድያ ተጠርጥራ በፖሊስ እጅ ትገባለች፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎችም ጠለፋው በልማድ የተፈቀደ ነው ይላሉ። ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ራሷን ለመከላከል እንደ ተኮሰች ተከራክራ ነጻ ታስወጣታለች። የፊልሙ ርዕስም በአማርኛ ሁለቱን ይዟል፤ የተፈጸመባትን በደልም፣ የእርሷን ጀግንነትም።

የሕጉ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ሴት በኋላ በሕግ ካገባ ከክስ የሚድንበትን በር ትቶለት ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘግቷል፦ ሴትን በጠለፋ ለጋብቻ የወሰደ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻም ከተጠያቂነት አያድነውም።

እንግዲህ የታሰረ ጀግና የሚያሳይ ፊልም በቤት ውስጥ ሲታይ፣ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ሊነጋገሩበት የሚገባ ጥያቄ አለ፦ ማን ፈታው? ሶምሶንን የተመለሰ ኃይሉ፣ ቦንድን ብልሃቱ፣ ዶሮዎቹን አንድነታቸው፣ ሂሩትን ደግሞ የገዛ ድፍረቷ ከሕግ ጋር ተባብሮ ፈትተዋቸዋል። በተጠለፈች ልጅ ታሪክ ላይ ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ልጅ፣ በሰፈሩ እውነተኛ ጠለፋ ቢያይ አክተሩ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ለመምህሩ፣ ለፖሊስ ወይም ለቀበሌው ሄዶ ይናገራል።