የጋዜጠኝነት ዲግሪ እንጀራ ይሆናል?

ከዐስር ሶላት በኋላ በጣና ዳር ስንመለስ አንድ አባት ልጃቸውን አስከትለው አገኙን። ልጅቷ የዩኒቨርስቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ የትምህርት ክፍል መምረጫዋ ደርሷል። እሷ የምትሻው ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ነው፤ በተለይ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ዲጂታል ሚዲያ። አባት ግን ፊታቸው አልተፈታም። «ኡስታዝ፣ ወሬ ተምሮ ምን ይበላል?» አሉን። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ ስለሆነ መልሳችንን ለውድ አንባብያን ልናካፍል ወደድን።

ወጪው

በመንግሥት ዩኒቨርስቲ መማር በነፃ የሚመስላቸው ወላጆች አሉ። ነገር ግን በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን፣ ከትምህርቱም ወጪ ከፊሉን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ እንዲከፍል ያደርጋል። ከዚህ ዕዳ የሚከብደው ደግሞ ዕድሜ ነው። አራት ዓመት ገበያ ላይ የዋለ የሰፈር ልጅ በዚያ ጊዜ ደንበኛና መነሻ ገንዘብ ያበጃል። ከ2015 እ.ኢ.አ. ጀምሮም የመውጫ ፈተናውን ያላለፈ ተማሪ ዲግሪውን አይዝም።

ገቢው

ባሕር ዳር ለዚህ ሙያ ባዕድ አይደለችም። በኩር ጋዜጣ ከ1987 እ.ኢ.አ. ጀምሮ ይታተምባታል፤ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ቴሌቪዥንና ሬዲዮ፣ ኤፍ ኤም 96.9ም ከዚሁ ይሰራጫሉ። በየዞኑና በየወረዳው የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት አለ፤ ባንኮችና ሆስፒታሎችም የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ይቀጥራሉ። በእነዚህ በር ለመግባት ወረቀቱ ግድ ነው። ደመወዙ ግን እኛ መምህራን የምናውቀው ዓይነት ነው፤ ወርን ከወር ያገናኛል እንጂ ቤት አያሠራም። ተመራቂውም ከክፍት ቦታው ይበዛል።

ሁለተኛው በር የግል ሥራ ነው። ኒካሕ መቅረጽ፣ ለሆቴልና ለሱቅ ማስታወቂያ መሥራት፣ ፊልም ማቀናበር። እዚህ ደንበኛው «ዲግሪህን አሳየኝ» አይልም፤ «የሠራኸውን አሳየኝ» ነው የሚለው። በዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል ለሚያስብም የተለመደው መስፈርት 1,000 ተከታይና በአንድ ዓመት ውስጥ 4,000 ሰዓት የታየ ሥራ ነው። ይህን ሳያውቁ ስልክ ይዘው ሀብት የሚጠብቁ ወጣቶች ብዙ ናቸው።

በዚህ ላይ የ2015ቱን ክረምት እናስታውስ። በሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። እንጀራውን በሙሉ በአንድ ስልክ ላይ የሰቀለ ሰው ሱቁ በአንድ ሌሊት ተዘጋ። ጽሑፍ ማዘጋጀት፣ መተርጎም፣ ድምፅ መቅረጽ የሚችል ግን ሌላ የሚያንኳኳው በር ነበረው።

ምክራችን

እንግዲህ ለአባት እንዲህ አልናቸው፦ ዲግሪው ብቻውን አያበለጽግም፤ ከእጅ ሙያ ጋር ሲሆን ግን ያዋጣል። ልጅቱ የቀሯትን ሦስት ዓመታት ነጥብ በመሰብሰብ ብቻ አታሳልፍ፤ በየወሩ አንድ ሥራ ሠርታ ታስቀምጥ። በመድረሳ የቀራችውን ዐረብኛ አትጣለው፤ ከእንግሊዝኛ ጋር ሲጣመር ለትርጉም ሥራ ስንቅ ነው።

ሌላም አለ። ሪዝቅ በሐላል መሆን አለበት። በሐሰት ርዕስ ተመልካች የሚሰበስብ ሰው ገንዘብ ያገኝ ይሆናል፤ በረካን ግን ከየት ያመጣል? በሱረቱል ሑጁራት ዜና ሲመጣ እንድናጣራ ታዘናል። ወሬ ሰው በሚያጋድልበት በዚህ ዘመን አጣርቶ መናገር አማና ነው።

ሥራ ደግሞ ደጃችን ላይ ነው። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ሙስሊም ወገኖቻችን ሕይወት፣ ሐይቁን የወረረው እምቦጭ፣ የዓሣ አስጋሪው ውሎ፤ ይህን ሁሉ ከራሳችን ልጆች የተሻለ ማን ይነግርልናል?

አባት ጥቂት ዝም አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እንግዲያው ዩኒቨርስቲውን አትጠብቂ» አሏት። «ነገ ከዓሣ አስጋሪዎቹ ጀምሪ። እኔም አብሬሽ እወርዳለሁ።»

አላህ የልጆቻችንን ሪዝቅ ሐላልና በረካ ያለው ያድርግልን። አሚን።