በፖስታ የተዋወቁት ተዋናይትና ሐያሲ

በ1892 ዓ.ም. በሰኔ ወር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሎንዶን ከተማ እጅግ ስመ ጥር የነበረችው ተዋናይት ኤለን ቴሪ «ዘ ወርልድ» ለተባለው ጋዜጣ አዘጋጅ አንድ ደብዳቤ ጻፈች። ደብዳቤው ስለ ራሷ አልነበረም። አንዲት ወጣት ዘፋኝ ወዳጅ ነበረቻትና፣ ልጅቱ በድምፅዋ ትልቅ ደረጃ ትደርስ እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው እንዲነግራት ለመጠየቅ ነበር። አዘጋጁም ደብዳቤውን ለጋዜጣው የሙዚቃ ሐያሲ አስተላለፈው። ይህ ሐያሲ ከደብሊን የመጣ፣ 36 ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ በቴያትር ደራሲነቱ ገና ያልታወቀ ጆርጅ በርናርድ ሾው የሚባል ሰው ነበር። ሾውም የመሰለውን ሳይሸፋፍን ጻፈላት።

እንዲህ ባለ የምክር ጥያቄ የተጀመረው መጻጻፍ በታሪክ ሲወሳ የሚኖር ወዳጅነት ሆነ። የሚያስደንቀው ግን ሁለቱ ሰዎች በአንድ ከተማ እየኖሩ፣ እርስ በርሳቸው «እወድሃለሁ፣ እወድሻለሁ» እየተባባሉ፣ ለስምንት ዓመት ያህል ቀርበው ሳይነጋገሩ መቆየታቸው ነው።

ይህን ለመረዳት የንግሥት ቪክቶሪያን ዘመን ፖስታ ማስታወስ ያስፈልጋል። ከ1840 ዓ.ም. ጀምሮ በእንግሊዝ አገር ግማሽ አውንስ የሚመዝን ደብዳቤ የትም ቢሄድ አንድ ፔኒ ብቻ ይከፈልበት ነበር። በዘመኑ መጨረሻ ላይ በሎንዶን መካከል ደብዳቤ በቀን እስከ 12 ጊዜ ይታደል ነበር። ጧት የተጻፈ ጥያቄ ከምሳ በፊት መልስ ያገኛል፤ ለመልሱም መልስ ከማታው ትርኢት በፊት ይደርሳል። ስለዚህ ቴያትር ተመልክቶ ልቡ የተነካ ተማሪ ወይም የቢሮ ጸሐፊ አንድ ፔኒ ካለው፣ ያደነቃትን ተዋናይት በማግሥቱ ጧት ቤቷ ድረስ ሊያነጋግራት ይችል ነበር ማለት ነው። ፔኒውን ለማትረፍ የፈለገም ደብዳቤውን ተዋንያን በሚገቡበት የኋላ በር ለዘበኛው ይሰጠዋል። ፎቶግራፋቸውም በየሱቁ ይሸጥ ስለ ነበር፣ ገዝቶ «ፈርሙልኝ» ብሎ የሚልከው ሰው ብዙ ነው።

ቴሪ የምትሠራበት የላይሲየም ቴያትር አዛዥና ዋና ተዋናይ ሄንሪ ኧርቪንግ ነበር። የእርሱን ደብዳቤ የሚጽፍለት ሥራ አስኪያጁ ብራም ስቶከር ሲሆን፣ ይኸውም በኋላ «ድራኩላ» የተባለውን መጽሐፍ የደረሰው ነው። ስቶከር ራሱ እንደ ገመተው በ27 ዓመት አገልግሎቱ ስለ ኧርቪንግ የጻፈው ደብዳቤ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ነው። ሲካፈል በየቀኑ ሃምሳ ይደርሳል! በመዝገብ ቤት የሚሠራ አንባቢ ይህን ቁጥር ይመዝነው።

ከአድናቂዎች የሚመጣው ሁሉ ግን ምስጋና አልነበረም። «አሊስ በአስደናቂው ዓለም» የተባለውን መጽሐፍ በሉዊስ ካሮል ስም የጻፈው የኦክስፎርዱ መምህር ዶጅሰን ቴሪን በመድረክ ላይ ያያት በ1856 ዓ.ም. ገና ሕፃን ሳለች ነው። አደገችለት፤ ወዳጁም ሆነች። ቴሪ ከመጀመሪያ ባልዋ ከተለየች በኋላ ጎድዊን ከተባለ የቤት ንድፍ ሊቅ ጋር ያለ ጋብቻ ኖራ ሁለት ልጆች በወለደችበት ጊዜ ዶጅሰን ሸሻት። ደግሞ ተመልሶ መጣ። «ፋውስት» የተባለው ቴያትር በታየበት ጊዜ አንዲት ትንሽ ልጅ ይዞ ሄዶ ነበርና፣ ማርጋሬት የምትባለው ሴት ልብሷን ማውለቅ ስትጀምር ልጅቱ «እስከ የት ልትደርስ ነው?» ብላ እንደ ጠየቀችው፣ ስለዚህም ቴሪ አሠራሯን ብትለውጥ መልካም እንደሚሆን ጻፈላት። ቴሪ በጣም ተቆጣች። የመለሰችለትም፣ የእርሱ ወዳጆች ጨዋ ልጆች ብቻ ይመስሏት እንደ ነበር የሚገልጽ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ለዚህ ዓይነት ምክር ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም።

ከዚያም የከፋ አለ። ተዋናይት ማለት በብዙ «ጨዋ» ቤት በር የማትገባ ሴት በነበረችበት ዘመን፣ ለእርሷ የተጻፈ ደብዳቤ የሰውን ስም ሊያጠፋ ይችል ነበር። ታላቁ ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ በ1857 ዓ.ም. ከተዋወቃት ተዋናይት ከኤለን ተርናን ጋር እስከ ሞቱ ድረስ ግንኙነት ነበረው። እርስ በርሳቸው ከተጻጻፉት ግን አንዲት ደብዳቤ እንኳ አልተረፈችም። ዲከንስ በ1860 ዓ.ም. በቤቱ ግቢ እሳት አንድዶ የተከማቸ ደብዳቤውን ሁሉ አቃጥሏል።

ወደ ቴሪና ወደ ሾው እንመለስ። የ1892ቱ መጻጻፍ ብዙ ሳይቆይ ተቋርጦ ነበር። በ1895 ዓ.ም. ሾው «ሳተርዴይ ሪቪው» በተባለው ጋዜጣ የቴያትር ሐያሲ ሲሆን እንደ ገና ተቀጣጠለ። ሾው በየሳምንቱ ኧርቪንግን ይወቅሳል፤ ሼክስፒርን ይቆራርጣል፣ የኢብሰንን አዲስ ድርሰት አይነካም፣ እንደ ቴሪ ያለችውንም ሴት ያባክናል ይላል። ማታ ደግሞ ለዚያችው ሴት ደብዳቤ ይጽፋል። በ1896 ዓ.ም. ቴሪ በሼክስፒር «ሲምበሊን» ኢሞጅንን ሆና ለመጫወት ስትዘጋጅ፣ ሾው ራስ የሌለው ሬሳ አጠገብ የምትነቃበትን ክፍል እንዴት ብትሠራው እንደሚሻል በዝርዝር ጻፈላት። እርሷም ተከራከረችው፤ የሚጠቅማትን ወሰደች፤ የቀረውን ተወችው። ትርኢቱ በታየበት ሳምንት ሾው ራሱ በጋዜጣ ፈረደበት። ሐያሲ ሆኖ በስውር አሠልጣኝ መሆን ይገባልን? ዛሬ ቢሆን ብዙ ጋዜጣ የሚፈቅደው አይመስለኝም።

ቴሪ በመካከል ነበረች። ሾው «የዕድል ሰው» የተባለውን አጭር ቴያትር ለእርሷና ለኧርቪንግ አስቦ ደርሶ፣ ኧርቪንግ እንዲያሳየው ደጅ ይጠና ነበር። በዚያን ጊዜ የቴያትር ቤት አዛዦች ከሐያስያን ድርሰት ገዝተው መደርደሪያ ላይ ማስቀመጣቸው የታወቀ ነው፤ አፍ ማዘጊያ መሆኑ ነው። ሾው እንዲህ ያለውን ውል አልቀበልም አለ። በ1896 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ስለ «ሪቻርድ ሣልሳዊ» የጻፈውን ሒስ የኧርቪንግ ሰዎች «ጌታችንን ሰክሮ ተጫወተ ማለቱ ነው» ብለው ተረጐሙት። በማግሥቱ ዓመት ድርሰቱ ተመለሰለት። ቴሪ አለቃዋንም ወዳጅዋንም ላለማስቀየም የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ሲነበቡ አንዲት ሠራተኛ በሁለት ኩሩ ሰዎች መካከል ምን ያህል እንደምትደክም ይታያል።

ታዲያ ለምን አልተገናኙም? ሾው ቴሪን በፈለገ ጊዜ ቲኬት ገዝቶ ያያታል፤ እርሷ ግን እርሱን ለማየት በመጋረጃው ቀዳዳ አሾልቃ ትመለከት ነበር። ቢገናኙ ደብዳቤው የሠራው ሰው ይፈርሳል ብለው ፈሩ። ቴሪ ወደ ሃምሳ ዓመት እየተጠጋች ነበር፤ በመድረክ ላይ ያለችው ሴት በብርሃንና በቀለም የተሠራች መሆኗን ከማንም ይልቅ ታውቃለች። የብዕር ጓደኛ ኖሮት የሚያውቅ ሰው ይህን ፍርሃት ሳይነገረው ይረዳዋል። በወረቀት ላይ ግን ሁለቱም ደፋሮች ነበሩ። ሾው ስለሚያገባት ስለ ሻርሎት ሳይቀር ከቴሪ ምክር ይጠይቅ ነበር፤ በ1898 ዓ.ም. አገባት። ብዙ ሰው ሾውን ያደንቃል። በእኔ አስተያየት ግን ከሁለቱ የሚሻለው ብዕር የቴሪ ነው። ሾው ፍቅሩን ሲገልጽ እንኳ አዳራሽ ሙሉ ሰው እንደሚሰማው ሆኖ ይጽፋል፤ መድረክ ላይ የምትውለው እርሷ ግን በደብዳቤዋ አትጫወትም፤ ደክሞኛል፣ አሞኛል፣ ይህን አልወደድሁልህም ትለዋለች።

በ1899 ዓ.ም. ሾው «የካፒቴን ብራስባውንድ መለወጥ» የተባለውን ቴያትር ለእርሷ ብሎ ደረሰ። ታሪኩ በሞሮኮ የሚፈጸም ሲሆን፣ እመቤት ሲስሊ የተባለች ሴት መሣሪያ የታጠቁ ወንዶችን በደግነትና በብልኀት ስትገዛ ያሳያል። በምዕራብ አፍሪካ የተጓዘችው ሜሪ ኪንግስሊ ታሪክ ከኋላው አለ። ቴሪ አንብባ «ይህ ለእኔ የሚሆን አይደለም» ብላ መለሰችለት። ሾው አዘነ። በመጨረሻ ቀርበው የተነጋገሩት በ1900 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ይኸው ቴያትር በሌላ ተዋናይት ሲታይ ነው። የፈሩት አልቀረም፤ ከዚያ ወዲህ ደብዳቤው እየሳሳ ሄደ። በ1906 ዓ.ም. ቴሪ መድረክ ላይ ከወጣች 50 ዓመት በሞላት ጊዜ እመቤት ሲስሊን ራሷ ተጫወተች፤ ከዚያው ቴያትር ተዋንያን አንዱን ጄምስ ኬሩን በማግሥቱ ዓመት አገባች።

ቴሪ በ1928 ዓ.ም. ስትሞት ሌላ ክርክር ተነሣ። በእንግሊዝ ሕግ ወረቀቱ የተቀባዩ ንብረት ነው፤ የቃሉ መብት ግን የጸሐፊው ነው። ስለዚህ የሾው ደብዳቤዎች ለወራሾቿ ቢቀሩም፣ እርሱ ሳይፈቅድ ሊታተሙ አይችሉም፤ የእርሷም እንደዚሁ ያለ ወራሾቿ ፈቃድ አይወጡም። ሴት ልጇ ኤዲት እንዲታተሙ ፈለገች፤ ሾውም መቅድም ጻፈና በ1931 ዓ.ም. መጽሐፉ ወጣ። ወንድሟ ኤድዋርድ ጎርደን ክሬግ፣ ራሱም በቴያትር ጥበብ በዓለም የታወቀ ሰው፣ የእናቱ የግል ቃል በአደባባይ መሸጡ አቃጠለው። በዚያው ዓመት ስለ እናቱ የራሱን መጽሐፍ አሳተመና፣ ሾውን የሚወቅስበትን ትንሽ ጽሑፍ ለብቻው አባሪ አድርጎ አያያዘበት።