የፊደላችን ዋጋ በኮምፒዩተር ማስታወሻ ውስጥ

የአማርኛ ፊደል ብዛት ለመኪና አይመችም የሚለው ክርክር የቆየ ነው። በጽሕፈት መኪና ዘመን ቍልፉ ስለማይበቃ ሆሄያቱን በቅጥያ እየገጣጠሙ መምታት ግድ ሆኖ ነበር፤ ዛሬም በእጅ ስልክ ከሚጻጻፉት ብዙዎቹ አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፋሉ። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ክርክሩን በሒሳብ ለመመርመር ነው። አንድ ሆሄ በኮምፒዩተር ማስታወሻ ውስጥ ምን ያህል ቦታ ይይዛል? ቦታው የሚበዛውስ በፊደሉ ጠባይ ነው ወይስ በአቀማመጡ ሥርዐት?

፩. የማስታወሻው መለኪያ

ማስታወሻው እጅግ ብዙ ከሆኑ ጥቃቅን ማብሪያና ማጥፊያዎች እንደ ተሠራ አድርጎ ማሰብ ይቻላል። እያንዳንዱ 0 ወይም 1 ብቻ ይይዛል፤ ይህም ቢት ይባላል። አንድ ቢት 2 ነገሮችን፥ ሁለት ቢት 4፥ ሦስት ቢት 8 ነገሮችን ይለያል፤ ቢት በተጨመረ ቍጥር ልኩ እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ 7 ቢት 128፥ 8 ቢት 256፥ 9 ቢት 512፥ 16 ቢት ደግሞ 65,536 ነገሮችን ይለያል። ስምንቱ ቢት በአንድነት ባይት ይባላል።

፪. የፊደሉ ቍጥር

33ቱ ሆሄያት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ቈ፥ ኈ፥ ኰ እና ጐ እያንዳንዳቸው 5 ድምፅ ስላላቸው 20 ይጨምራሉ፤ የግእዝ አኀዞችም 20 ናቸው። ድምሩ 271 ነው። ሏንና ሟን የመሰሉት፥ ነጥቦቹም ገና ሳይቈጠሩ የአንድ ባይት ልክ የሆነው 256 ታልፏል።

ችግሩ የመጣው ከዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ሆሄያቱን ከፋፍለው በላቲን ፊደላት ቍጥር ላይ አስቀመጧቸው። ሁሉም በየራሱ ተራ ስላስቀመጠ፥ በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ብቻ ይሆን ነበር።

፫. የጋራው ተራ

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለፊደላችን ከ4608 እስከ 4991 ያሉትን 384 ቍጥሮች መደበ። ሀ 4608፥ ለ 4616 ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 7 ሳይሆን 8 መሆኑን አንባቢ ያስተውል፤ 8 ሁለት በራሱ እየተባዛ የሚገኝ ቍጥር ስለ ሆነ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቢቶች የሆሄውን ድምፅ ብቻ ያመለክታሉ። ለምሳሌ ሎ 4622 ነው። ሁለቱም ግቢዎች 1 ሲሆኑ ብቻ 1 በሚሰጠው የሎጂክ ጌት ከ7 ጋር ብናሳልፈው፦

0001 0010 0000 1110
0000 0000 0000 0111
0000 0000 0000 0110

ውጤቱ 6 ነው። ግእዝ ከ0 ስለሚጀምር 6 ማለት ሳብዕ ነው። እነዚያን ሦስት ቢቶች ወደ 0 ብንመልሳቸው 4616፥ ማለት ለ ይቀራል። በዋናዎቹ ቤቶች ሁሉ ይኸው ሒሳብ ይሠራል። ተማሪ በገበታ ላይ የሚያጠናውን የቤትና የድምፅ ሥርዐት ጌቱ በአንድ እርምጃ ይለየዋል ማለት ነው።

፬. ዋጋው

አንድ የስልክ አጭር መልእክት 140 ባይት ወይም 1,120 ቢት ነው። ላቲኑ በ7 ቢት ሲጻፍ 160 ምልክት ይገባል፤ ፊደላችን በ16 ቢት ስለሚላክ 70 ብቻ ይገባል። ሆኖም ቍጥሩን ብቻ አይቶ መፍረድ አይገባም። «አዲስ አበባ» በፊደላችን ከክፍት ቦታው ጋር 7፥ በላቲን 11 ምልክት ነው። በዚህ መጠን 70 የእኛ ምልክት 110 የላቲን ምልክት የሚይዘውን ያህል ቃል ይይዛል።

አሁን 271ዱን ከ128ቱ የላቲን ምልክቶች ጋር ብንደምር 399 ይሆናል፤ ይህን 9 ቢት ይችለዋል። በ9 ቢት ቢላክ 124 ምልክት ይገባ ነበር፤ ይህም በዚያው መጠን ከላቲኑ 160 ይበልጣል። እንግዲህ ውድ የሆነው አቀማመጡ እንጂ ፊደሉ አይደለም። ይሁን እንጂ 9 ቢት ከባይት ልክ አይገጥምም፤ የግል ተራ ማውጣትም ወደ ቀድሞው አለመግባባት ይመልሰናል። ስለ ጋራ መግባባት ሲባል የሚከፈል ዋጋ ነው።

በመዝገብ ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 ለላቲን ፊደል 1፥ ለእኛ ሆሄ 3 ባይት ይሰጣል። ይህ በማከማቻ ረገድ አያስጨንቅም፤ በ1,073,741,824 ባይት ውስጥ ከ357 ሚሊዮን የሚበልጡ ሆሄያት ይገባሉ። የሚያስጨንቀው ልኩ አስቀድሞ የተወሰነ ቦታ ነው። ለስም 20 ባይት በተመደበበት መዝገብ «ወልደ ገብርኤል» ቢጻፍ 8 ሆሄና አንድ ክፍት ቦታ 25 ባይት ይፈልጋል። መዝገቡ በ20 ሲቈርጠው «ወልደ ገብር» በ19 ባይት ይቀመጣል፤ በ20ኛው ላይ የኤ ሲሶ ተሰብሮ ይቀራል። ሰውየው መታወቂያ ይዞ ቢመጣ ስሙ ከመዝገቡ አይገጥምም።

ስለዚህ መዝገብ የሚያዘጋጅ ሁሉ የስሙን ቦታ በሆሄ ቍጥር ይለካ፤ በባይት መለካት ግድ ቢሆንበት ለእያንዳንዱ ሆሄ ሦስት ባይት ይመድብ። ፊደሉን መቀነስም ሆነ በላቲን መለወጥ ለዚህ ችግር አያስፈልግም።