የተሳላሚው ገበያ ከቃሊቲ ይነሳል፤ ትርፉ ግን ከአርባኛው ወንበር በኋላ ነው

ታኅሣሥ አጋምሶ በአቃቂ ቃሊቲ አውራ ጎዳና ዳር የቆመ ሰው፣ ከጭነት መኪናው ወረፋ መሐል በጎናቸው የጨርቅ ማስታወቂያ ያሠሩ አውቶቡሶች መዝሙር እያሰሙ ወደ ምሥራቅ ሲነጉዱ ያያል። መድረሻቸው ቁልቢ ገብርኤል ነው። በመጋቢትና በጥቅምት መጀመሪያ ደግሞ ያው ጎዳና ወደ ዝቋላ አቦ የሚሄደውን መንገደኛ ያሳልፋል። ለምእመኑ ጉዳዩ ስእለትና በረከት ነው። ለአውቶቡስ ባለቤቱ፣ ለደላላው፣ ለነዳጅ ማደያው፣ ለጎሚስታው፣ ለሉካንዳውና ለጃንጥላ አስመጪው ግን የራሱ ወቅትና የራሱ ኪሳራ ያለው ገበያ ነው። ገንዘባቸውን በዚህ ዘርፍ ለማዋል የሚያስቡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩት የሞላውን አውቶቡስ እንጂ ሒሳቡን አይደለም።

ለምን ከቃሊቲ?

ነገሩ የመንገድ ጉዳይ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ዘይት፣ ወደ ናዝሬት፣ ወደ አዋሽና ወደ ድሬዳዋ የሚወጣው በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ነው። ድሮ ይህን ሥራ የሚሠራው ባቡሩ ነበር። የጅቡቲው ባቡር በአቃቂ ጣቢያ አልፎ ድሬዳዋ ያደርስ ስለነበር የቁልቢ ተሳላሚ እስከ ድሬዳዋ በሐዲድ ሄዶ የቀረውን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ይወጣ ነበር። አሮጌው ባቡር ሲዳከም መንገደኛው ሙሉ በሙሉ ወደ አውቶቡስ ዞረ። ከ2010 ጀምሮ የሚሠራው አዲሱ ባቡር የመንገደኛ ጣቢያው ፉሪ ለቡ በመሆኑ የአቃቂን የድሮ ድርሻ አልመለሰላትም።

በመስከረም 2007 የተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ሌላ ለውጥ አምጥቷል። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳው ይህ 84.7 ኪሎ ሜትር መንገድ የቁልቢውን አውቶቡስ ከአቃቂ፣ ከዱከምና ከደብረ ዘይት ከተሞች ጎን ያሳልፈዋል። አዘጋጁ የመንገድ ክፍያ ይከፍላል፣ በምትኩ ሰዓትና ነዳጅ ይቆጥባል። ቁርስ አቅራቢው የአሮጌው መንገድ ምግብ ቤት ግን ያንን ደንበኛ አጥቷል። የዝቋላው መንገደኛ ደብረ ዘይት መውረዱ ስለማይቀር ለእርሱ የፍጥነት መንገዱ የሚያተርፈው ጥቂት ነው፤ በአሮጌው መንገድ ላይ የቀረው የተሳላሚ ገበያም በአመዛኙ የእርሱ ነው።

ጾሙን ያላወቀ ነጋዴ

በዚህ ገበያ ከዋጋ ዝርዝር ይልቅ ባሕረ ሐሳብ ይጠቅማል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የዝቋላው የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም በዓመት ሁለት ታላላቅ በዓላት አሉት፤ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5። ሁለቱም ተሳላሚ ያጎርፋሉ፤ ለምግብ ነጋዴው ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። ዐቢይ ጾም ቶሎ ቢገባ የካቲት 1፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ይጀምራል። ስለዚህ መጋቢት 5 በየትኛውም ዓመት ከጾሙ አይወጣም። በቁርጡ የታወቀችው ዱከም በመጋቢቱ ንግሥ ከተሳላሚው የምታገኘው የሽሮ፣ የምስርና የሻይ ገንዘብ ነው። በጥቅምት ነገሩ ይለወጣል። የጽጌ ጾም የፈቃድ በመሆኑ የሚጾመው ይጾማል፣ የማይጾመው ከተራራው ሲመለስ ቁርጥ ቤት ይቀመጣል። በዓሉ ወይም የመመለሻው ቀን ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ከዋለ ግን ይህም የለም። በሬ ቀድሞ የገዛ ሉካንዳ ቀኑን ካላየ ራሱን ይወቅስ።

ቁልቢም እንዲሁ ነው። ታኅሣሥ 19 በነቢያት ጾም ውስጥ ነው። ሐምሌ 19 ደግሞ የሐዋርያት ጾም ከተፈታ በኋላ፣ ፍልሰታ ሳይገባ ይውላል። የታኅሣሡ ጉዞ ስንቅ ርካሽ ነው፤ የሐምሌው ግን ሥጋም ቅቤም ስለሚገባበት አዘጋጁ በነፍስ ወከፍ የሚያወጣው ይጨምራል። በአንጻሩ ሐምሌ ዝናብ ስለሆነ የተጓዡ ቁጥር ከታኅሣሡ ያንሳል። የሁለቱን በዓላት ጉዞ በአንድ ዋጋ የሚያስተዋውቅ አዘጋጅ ከሁለት አንዱ ላይ ስቷል ማለት ነው።

የአንድ አውቶቡስ ሒሳብ

የጉዞው አዘጋጅ አንዳንዴ የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የጽዋ ማኅበር ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ሥራዬ ብሎ የያዘው ግለሰብ። ሁለቱም አውቶቡስ የሚያገኙት በኮንትራት ነው። የመደበኛው መስመር ዋጋ በታሪፍ የተያዘ ሲሆን የኮንትራቱ ግን በስምምነት ነው። ባለንብረቱ ዋጋ ሲጠራ ርቀቱን ብቻ አያይም። መኪናው ሦስት ቀን ቁልቢ ደርሶ ቆሞ ሲመለስ በመስመሩ ላይ ሊያገኝ የሚችለውን የሦስት ቀን ገቢ ያሰላል። በበዓል ሰሞን መስመሩም ስለሚሞላ ይህ የታጣ ገቢ ይበልጥ ይወደዳል። ደላላው ደግሞ በመሐል አለ።

ለማስረጃ ያህል ብቻ፣ የገበያ ዋጋ ነው ሳይባል፣ አንድ ሒሳብ ይሠራ። 45 ወንበር ያለው አውቶቡስ በ90,000 ብር ተይዟል እንበል። ለማስታወቂያ፣ ለድምፅ ማጉያ፣ ለመንገድ ክፍያና ለመሳሰለው 6,000 ብር ይወጣል። ለምግብና ለማደሪያ በሰው 700 ብር ይመደባል። ሰባኪው፣ አስተባባሪውና ረዳቱ በነጻ ስለሚሄዱ የሚሸጠው ወንበር 42 ነው፤ የሦስቱ ቀለብ 2,100 ብርም የአዘጋጁ ዕዳ ነው። ቁርጥ ወጪው በድምሩ 98,100 ብር ደረሰ። ትኬቱ በ3,200 ብር ቢሸጥ ቀለቡ ተቀንሶ ከአንድ ከፋይ የሚተርፈው 2,500 ብር ነው። 39 ሰው ቢሞላ 97,500 ብር ብቻ ስለሚሆን ገና ኪሳራ ነው። ወጪው የሚሸፈነው አርባኛው ተጓዥ ሲከፍል ነው። 42ቱም ቢሸጡ ትርፉ 6,900 ብር ነው፤ ከጠቅላላው 134,400 ብር ሽያጭ ላይ አምስት ከመቶ ገደማ። 36 ብቻ ከተሸጠ ደግሞ 8,100 ብር ከኪስ ይወጣል።

ስድስት ሰው ቢቀር ከሙሉ ትርፍ ወደ ሙሉ ኪሳራ የሚያዞር ሥራ ነው። በመጨረሻው ቀን ከቃሊቲ መናኸሪያ ደጃፍ «ሁለት ሰው ቀረ!» እያሉ የሚጣሩት ለዚህ ነው። ከማስነሻው ቀን አስቀድሞ «መኪናው ስላልሞላ» ጉዞው ተራዘመ የሚባለውም ለዚሁ ነው። ቀብድ የሚቀበል አዘጋጅ በበኩሉ የሰበሰበውን ለባለንብረቱ ቀብድ አድርጎ አስተላልፎታል። ጉዞው ሲቀር ተሳላሚው ገንዘቡን የሚጠይቀው አዘጋጁን ነው፤ ገንዘቡ ያለው ግን ሦስተኛው ሰው እጅ ነው። የብዙው ጠብ ምንጭ ይኸው ነው። ማኅበራቱ ከግለሰቡ የሚሻሉበት አንድ ነገር ቢኖር ተጓዡ በሚቀጥለው እሑድ የት እንደሚያገኛቸው ማወቁ ነው።

ጃንጥላው ሁለት ጊዜ ይሸጣል

ቁልቢ ለስእለት በሚገባው ሀብት ይታወቃል። ራስ መኮንን ከዓድዋ ዘመቻ ጋር በተያያዘ ስእለት ቤተ ክርስቲያኑን እንዳሠሩት ይነገራል፤ ሕዝቡም ፈለጉን ይዞ ጃንጥላ፣ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ወርቅ፣ ከብትና ጥሬ ገንዘብ ያስገባል። ቤተ ክርስቲያኑ ይህን ሁሉ ጃንጥላ ሊይዝ አይችልምና ለሽያጭ ይቀርባል። ከመርካቶ የወጣው ዕቃ ዞሮ ገበያ ይገባል ማለት ነው። ጃንጥላ የሚያስመጣ ነጋዴ ከበዓሉ በፊት ያለውን ፍላጎት ብቻ አይቶ ክምችት ከያዘ፣ ከበዓሉ በኋላ በርካሽ ከሚመጣው ከራሱ ዕቃ ጋር ይወዳደራል።

የመልሱ ጉዞም የራሱ ንግድ አለው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ብዙው ተሳላሚ ድሬዳዋ ጎራ ሳይል አይመለስም ነበር። በተለይ «ታይዋን» የሚባለው ሰፈር በርካሽ ጨርቃ ጨርቅና በኤሌክትሮኒክስ ዝነኛ ነበርና ስእለቱን ያደረሰው መንገደኛ ሻንጣውን ሞልቶ አዋሽ ኬላ ላይ ከፈታሽ ጋር ይፋጠጥ ነበር። የፍተሻው ሰዓትም የአውቶቡስ ባለቤቱ የኮንትራት ሰዓት ነው።

የዝቋላው ተሳላሚ እንዲህ ያለ ሸመታ አያውቅም። ተራራው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ አናቱ ላይ ሐይቅና ገዳም እንጂ ሆቴል የለም። ሰዉ በእግሩ ወጥቶ ሜዳ ላይ ያድራል። የሚሸጠው ብርድ ልብስ፣ የእጅ ባትሪ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦና ለጠበል የሚሆን ጀሪካን ነው። የአካባቢው ገበሬ ደግሞ አህያና በቅሎ ያከራያል።

ሁሉንም ስሌት የሚሽር ነገር ግን አለ፤ እርሱም የመንገዱ ሰላም ነው። በየካቲት 2016 የዝቋላ ገዳም አራት አባቶች መገደላቸው ለቤተ ክርስቲያን ሐዘን፣ ለመንገደኛውም ሥጋት ሆኗል። ወንበር ሳይሸጥ ቢቀር አዘጋጁ ዋጋ ይቀንሳል፤ መንገድ ሲያስፈራ ግን የሚቀነስ ዋጋ የለም።

ኢየሩሳሌምና ዶላሩ

ከቁልቢና ከዝቋላ በላይ ያለው የአማኙ ሕልም ኢየሩሳሌም ነው። ጉዞው በአብዛኛው በሰሙነ ሕማማትና በትንሣኤ ላይ ይውላል። ቤተ ልሔም፣ ናዝሬት፣ ቃና ዘገሊላ፣ ደብረ ታቦር፣ ዮርዳኖስ፣ ደብረ ዘይት ተራራና ጎልጎታ በመርሐ ግብሩ ይካተታሉ፤ ግብጽንና ደብረ ሲናን የሚጨምሩም አሉ። ኢትዮጵያውያን እዚያ እንግዳ አይደሉም። በጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ዴር ሡልጣን አለ፤ በአዲሱ ከተማ ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ያስጀመሩት ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት። እቴጌ ጣይቱና ሌሎችም መኳንንት በከተማዋ ቤት አሠርተው ኪራዩ ለገዳሙ መተዳደሪያ እንዲሆን ማድረጋቸው ለዛሬው ባለሀብት ሊያስደንቅ ይገባል፤ ቋሚ ንብረት በውጭ አገር ገዝቶ በኪራዩ ማኅበር ማስተዳደር ያኔም ታውቋል።

የዚህ ጉዞ ወጪ በአመዛኙ በውጭ ምንዛሪ ነው፤ የአውሮፕላን ትኬቱ፣ ሆቴሉ፣ እዚያ ያለው አውቶቡስና አስጎብኚው ሁሉ። የቃሊቲዋ እናት ግን የምታጠራቅመው በዕቁብ፣ በብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ በአንድ ቀን ወደ 74 ብር ገደማ ወጣ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም 100 ብርን አለፈ። ለምሳሌ 2,500 ዶላር የሚፈጅ ጉዞ በ57 ሲታሰብ 142,500 ብር ነበር፤ በ74 ሲመታ 185,000፣ በ110 ደግሞ 275,000 ብር ይሆናል። ለዓመታት ዕቁብ ጥላ 142,500 ብር የሞላላት እናት ከግማሽ መንገድ ብዙም ሳትርቅ ቀረች ማለት ነው። በብር ቁርጥ ዋጋ የተዋዋለ አዘጋጅ ካለም ኪሳራው የእርሱ ሆነ።

ከምንዛሪው ሌላ ጦርነትና በሽታ አለ። በ2012 ትንሣኤ በኮሮና ምክንያት እስራኤል ለውጭ ሰው ዝግ ነበረች። መስከረም 26 ቀን 2016 የተቀሰቀሰው የጋዛ ጦርነት በረራዎችን አስተጓጎለ። ሰኔ 6 ቀን 2017 ከኢራን ጋር በተከፈተው ጦርነት ደግሞ የአየር ክልሏ ተዘጋ። ጉዞው ሲቀር የአየር መንገዱ ትኬት የሚመለስበት ወይም የሚዛወርበት ደንብ አለው፤ ለሆቴል የተላከው ቀብድ ግን መመለሱ በውሉ ላይ ይወሰናል።

አዘጋጆች ቪዛ ያገኘው ሰው እዚያው እንዳይቀርባቸው ስለሚሠጉ ዋስ ወይም የባንክ መግለጫ የሚጠይቁ አሉ። ተጓዡም በበኩሉ መጠየቅ የሚችለው ብዙ ነው። ዋጋው በብር ነው ወይስ በዶላር የተቆረጠው? በዶላር ከሆነ የሚመነዘረው በየትኛው ቀን ተመን ነው፤ ቀብድ በተከፈለበት፣ ቪዛ በወጣበት ወይስ ትኬት በተቆረጠበት? ቪዛ ቢከለከል ምን ያህሉ ይመለሳል? ጉዞው ለሚቀጥለው ትንሣኤ ቢተላለፍ የተከፈለው ገንዘብ በብር ነው የሚያዘው ወይስ በዶላር? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይነሳም። ከሐምሌ 2016 በፊት የተፈረመ ውል ያለው ሰው ግን መልሱ ስንት ብር እንደሚያወጣ ያውቀዋል።