ማንም ያልቀባው ቀለም

ለእናት ወይም ለሙሽራ የኦፓል ቀለበት ሊገዙ በካዛንቺስም ሆነ በሌላው የቂርቆስ ሰፈር ጌጣጌጥ ቤት ጎራ ቢሉ፣ ድንጋዩን አዟዙረው ሲያዩት አረንጓዴው ቀይ፣ ቀዩ ሰማያዊ ይሆናል። አብሮዎት ያለ ልጅ «ማን ቀባው?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይመልሱለታል? መልሱን ማወቅ ለልጁም ለኪስዎም ይጠቅማል።

የቀባው የለም። ኦፓል በውስጡ እንደ ገበያ ብርቱካን በሥርዓት የተደረደሩ፣ በዓይን የማይታዩ የሲሊካ ኳሶች አሉት። ብርሃን ከእያንዳንዱ ድርድር በከፊል ይመለሳል፤ ተመላሾቹ ሞገዶች ሲገጣጠሙ አንዱ ቀለም ይጎላል፣ ሌላው ይጠፋል። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ይህን አደራደር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይተው በ1964 እ.ኤ.አ. አሳውቀዋል።

ስሌቱ ለተማሪ አይከብድም። የኳሱን ስፋት በ2.4 ገደማ ማባዛት ነው። 200 ናኖሜትር ኳስ 480 አካባቢ፣ ማለትም ሰማያዊ ይሰጣል፤ 280 ናኖሜትር ደግሞ 670፣ ማለትም ቀይ። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ድንጋዩ ሲዘነበል ቁጥሩ ስለሚያንስ ቀለሙም ይለወጣል።

ሳይንቲስቶች ብርሃኑ በውስጡ እንዴት እንደሚበተን በኮምፒውተር ሲያሰሉ ሚሊዮን ኳስ አይቆጥሩም። የነጠላ ጥበብ አንዱን ንድፍ ያወቀ ሸማኔ ጠርዙን ሁሉ እንደሚያውቅ፣ ኮምፒውተሩም የሚደጋገመውን አንድ ክፍል ብቻ ያሰላል።

የእኛ አገር ኦፓል በ1980ዎቹ ሰሜን ሸዋ መዘዞ አካባቢ፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ወሎ ደላንታ ውስጥ ወገል ጤና አጠገብ ተገኘ። የወሎው አብዛኛውን ጊዜ ውኃ ይመጥጣል። ውኃው በኳሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሲሞላ ብርሃኑ ሳይመለስ ያልፋል፤ ድንጋዩ እንደ መስታወት ይጠራል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል። ሲደርቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

ስለዚህ ሲገዙ ደረቅ ሆኖ ይዩት። ጥቁር ከሆነ በቀለም ወይም በጭስ የጠቆረ እንዳይሆን ይጠይቁ። ዕቃ ሲያጥቡ፣ ቅቤ ወይም ሽቶ ሲቀቡ ያውልቁት፤ ዘይት እንደ ውኃ በቀላሉ አይወጣም። ከራሰም በጥላ ይተዉት እንጂ እሳት ዳር አያኑሩት፤ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቀለሙ ለጥቂት ቀናት ቢጠፋ «ተታለልኩ» ብለው በርካሽ አይሽጡት፤ እስኪደርቅ ይታገሡ።

ኦፓል ቤት ከሌለ የቆየ የሠርግ ሲዲ አውጥተው መብራት ሥር ያዘንብሉት። እዚያም ቀለሙን የሚያወጣው በእኩል ርቀት የተደጋገመ መስመር ነው።