ለአሮጌ ኮምፒዩተር የሚስማማ ፓወር ሰፕላይ

በአርሲ የመርቲ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በአቦምሳ፣ ማመልከቻ በሚጻፍባቸውና ፎቶ ኮፒ በሚነሣባቸው ቤቶች፣ በባሕር ማዶ አገልግለው የመጡ አሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒዩተሮች አይታጡም፤ መብራት ድንገት ሄዶ በኃይል በተመለሰ ጊዜም አስቀድሞ መከራውን የሚቀበለው፣ ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ወደ 12፣ ወደ 5ና ወደ 3.3 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ፓወር ሰፕላይ ነው። ባለቤቱ ተለዋጭ ፍለጋ ወደ አዳማ በሄደ ጊዜ «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሆኖም በጎኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የዋት ቁጥር ለብቻው እጅግ ጥቂት ስለሚናገር፣ ገዢው ከእርሱ አስቀድሞ ቅርጹን፣ መሰኪያውንና የእያንዳንዱን ቮልት ድርሻ መመርመር ይገባዋል።

ከግዢ በፊት ግን የተበላሸው በእርግጥ ፓወር ሰፕላዩ መሆኑ ይረጋገጥ። ገመዱና ሶኬቱ ደኅና ከሆኑ፣ ዕቃው ከማዘርቦርዱ ተነቅሎ፣ በትልቁ መሰኪያ ያለው አረንጓዴ ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር በአጭር ሽቦ ሲገናኝ ማራገቢያው መዞር አለበት፤ መዞሩ ብቻውን የጤንነት ምስክር ስላልሆነም፣ በቴስተር ሲለካ ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6፣ ቀዩም ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ባለው መጠን ውስጥ መገኘት ይኖርበታል። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ከ300 ቮልት የሚበልጥ ኃይል ተከማችቶ ሊቆይ ስለሚችል፣ ሙያው የሌለው ሰው በካቻቪቴ ከፍቶ አይመርምረው።

ኢንቴል የተባለው ኩባንያ በ1995 እ.ኤ.አ. ኤቲኤክስ የተባለውን ሥርዓት ከደነገገ ወዲህ፣ የብዙዎቹ ፓወር ሰፕላዮች ወርድ 150፣ ቁመታቸውም 86 ሚሊ ሜትር ሆኖ ስለ ጸና፣ ከልዩ ልዩ ፋብሪካ የወጡት እርስ በርስ ሊተካኩ ችለዋል። ትልቁ መሰኪያ በመጀመሪያ 20 ቀዳዳ ነበረው፤ በ2000 እ.ኤ.አ. ለፕሮሰሰሩ የተለየ ባለ 4 ቀዳዳ መሰኪያ ተጨመረ፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ ትልቁ ወደ 24 ከፍ አለ። አዲሱ ባለ 24 አብዛኛውን ጊዜ አራቱ ተነጥለው በአሮጌው ባለ 20 ላይ ሊሰካ ይችላል፤ ነገር ግን እነዚያ የተነጠሉት አራቱ ቢጫ፣ ቀይ፣ ብርቱካናማና ጥቁር ሽቦ ያላቸው ሲሆኑ የፕሮሰሰሩ መሰኪያ ሁለት ቢጫና ሁለት ጥቁር ብቻ ስላለው፣ አንዱን በሌላው ስፍራ ማስገባት ለጥፋት ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ዴል የሠራቸው አንዳንድ ኮምፒዩተሮችም፣ መሰኪያቸው በመልክ ኤቲኤክስ መስሎ የሽቦው አሰላለፍ የተለየ በመሆኑ፣ መደበኛው ዕቃ ቢሰካባቸው ማዘርቦርዱም አብሮ ሊቃጠል ይችላል።

የአሮጌውን ኮምፒዩተር ጠባይ ከአዲሱ የሚለየው ዋናው ነገር ግን የኃይሉ አከፋፈል ነው። እንደ ፔንቲየም 3 ያሉት ቀደምት ማሽኖች ለፕሮሰሰራቸው የሚሹትን ኃይል በብዛት ከ5 ቮልት መስመር ሲቀዱ፣ ከፔንቲየም 4 ወዲህ የመጡት ፊታቸውን ወደ 12 ቮልት መልሰዋል፤ ስለዚህ 500 ዋት የተባለ አዲስ ዕቃ ኃይሉን በ12 ቮልት ላይ አከማችቶ በ5 ቮልት በኩል ደካማ ከሆነ፣ ከአሮጌው ባለ 250 ዋት ይልቅ ለቀድሞው ማሽን የማይበቃ ሊሆን ይችላል። በጎኑ የተለጠፈው ሠንጠረዥ የየመስመሩን አምፔር ስለሚያሳይ፣ ቮልቱን በአምፔሩ ማባዛት እውነቱን ይገልጣል፤ 12 ቮልት በ18 አምፔር 216 ዋት ነው። ለጽሕፈት ሥራ የሚውል ማሽን ቃሉን ከሚጠብቅ 300 ዋት በላይ እምብዛም አይሻም፤ በእጅ ሲመዘን የቀለለና ሽቦው የቀጠነ ባለ 600 ዋት ግን ሊጠረጠር ይገባል።

ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ከሆነ በጀርባው ያለችው ቀይ ማዞሪያ ወደ 230 መዞሯ አስቀድሞ ይታይ፤ በ115 ላይ ሳለች 220 ቮልት ቢሰካበት ወዲያው ይቃጠላልና። አቦምሳ ከደጋይቱ አሰላ ይልቅ ሞቃት በመሆኗ፣ ሙቀትና አቧራ ዕድሜውን እንዳያሳጥሩት የአየር መግቢያውን ማጽዳት፣ ለመብራቱ መዋዠቅም ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ማኖር ያስፈልጋል።

እንግዲህ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው የማሽኑን ሞዴል ጽፎ፣ አሮጌውን ፓወር ሰፕላይ ነቅሎ በእጁ ይያዝ፤ መጠኑንም መሰኪያውንም ከሻጩ ፊት ሊያስተያይ የሚችለው በዚህ ብቻ ነው። ማሽኑ መደበኛውን ሥርዓት ያልተከተለ ጠባብ ሳጥን ሆኖ የተለዋጩ ዋጋ ወደ አንድ ሙሉ ያገለገለ ኮምፒዩተር ዋጋ ከተጠጋ ግን፣ ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ማሽን ማስቀጠል ከጥገናው ይሻላል፤ የደንበኞቹ ጽሑፍ ያለው በእርሱ ላይ ነውና።